ሸጋው ካሮት የሚበላው ሲያይ ነው

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ኧረ እኔ ሰስቼ አይደለም! ሱፉን የከለከለው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ሸጋው፣ ማካው የሚሉት ትልቁ በቀቀን፣ የልጅ ልጄ ቤዛ የምትሠራበት ሆቴል ሲዘጋ ይዛው የመጣችው ነው። ከሱፍ በቀር አልቀምስ ብሎ ስብ በዛበት። "እማማ፣ ካሮትና ጎመን ያስለምዱት" አለችኝ። አስለመድኩት፤ ግን እንደ ሕፃን ቀድሜ እየነከስኩ ነው ያጎረስኩት። አሁን እኔ ካልነከስኩለት አይነካም።

ጾሙ ገባና ጉድ ፈላ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ እሱም ካሮቱ ፊቱ ተቀምጦ አፍ አፌን ያያል። ትናንት ባዶ አፌን ሳላምጥለት ከንፈሬን በምንቃሩ ገለጥ አድርጎ አየና ጀርባውን ሰጠኝ።

"አንተ ደግሞ ማን መርማሪ አደረገህ!" አልኩት።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ላባውን ነፍቶ ሲቆዝም አንጀቴን በላው።

"ሱፉን ይስጡትና ይገላገሉ እንግዲህ" አለች ቤዛ።

"እንዲሞትልሽ ነው?" አልኳት።

እሷ ስትወጣ ካሮቱን ነከስኩና ተፋሁት። ሸጋው ቀሪውን ቀረጣጠፈው፤ ጎመኑንም ደገመ። ደስ አለኝ። ጣዕሙ ግን ምላሴ ላይ ቀረ። ገደፍኩ ማለት ነው? አልዋጥኩም እኮ! የንስሐ አባቴን ብጠይቅ "ለወፍ ብለሽ?" ብለው ይስቁብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ነገም ይርበዋል...

"እማማ! የንስሐ አባትዎ ደጅ ቆመዋል፣ ይምጡ!"

መጣሁ! አፌን ልጉመጥመጥ ይሆን? ውይ፣ ውሃውስ ያስገድፍ የለ...