ሦስት አለቃ፣ አንድ መስኮት

ይድረስ እጄን ይዞ መላጊያ ላስጨበጠኝ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ እናታችን እንደምትለው አሁንም ከዶሮ ቀድሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ መስኮት ነው፤ አትሳቅብኝ። ፋብሪካችን ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ቫርኒሽ የምቀባበት ክፍል አንድ መስኮትና ሦስት አለቃ ነበረው። የጥራቱ ኃላፊ አቧራ ቅቡ ላይ እንዳያርፍ ዝጋ ይለኛል። የደኅንነቷ ኃላፊ ትነቱ ሊገድልህ ነው፣ ክፈት ትላለች። እሷ ከመውጣቷ የአካባቢ ጥበቃው ይደርስና ሽታው ሰፈሩን አስመረረ፣ ዝጋ ይላል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እኛ ዘንድ ሦስት ሆነው መድኃኒቱ ጠፋ። ስለዚህ ዘዴ አበጀን፤ በር ላይ ያለው ባልደረባዬ የሚመጣውን አይቶ ያስላል፣ እኔም እንደ ሳሉ ዓይነት እከፍታለሁ ወይም እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ሦስቱ አብረው መጡ። ባልደረባዬ የቱን ሳል እንደሚያስል ግራ ገባው፤ እኔም መስኮቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዲህ ሦስታችሁም በአንድ አሠራር ትመራላችሁ ብሏቸዋል። እኔማ ሌላ ስብሰባ መጣብን ብዬ ነበር። እነሱ ግን አቧራው ራሱ ከየት እንደሚመጣ መጠያየቅ ጀመሩ። ጆሮዬን አቆምኩ። ግድግዳውን ሲዳብሱ፣ ሲያሸቱ ቆይተው አገኙት፤ የሚመጣው ከውጭ ሳይሆን እንጨት ከሚለሰልስበት ከጎናችን ክፍል ነው! ያንን ክፍል ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፣ መስኮቱ ላይ ማጣሪያ ያለው አየር ሳቢ ገጠሙ፣ ሽታው ቀለል ያለ ቫርኒሽም መጣ። አሁን አንድ ነገር ሊለውጡ ሲሉ ሥራው ያምራል ወይ፣ ሠራተኛው ይተነፍሳል ወይ፣ ጎረቤትስ ብለው አብረው ይጠይቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ያንተ የእንጨት ሥራ ቤት ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ቫርኒሽ ስንቀባ በሩን ዘግተን ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ እንወትፍ የለም? አቧራውን ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ስንልግ ያመረትነው እኛው ነን። እባክህ መላጉን ወደ ደጅ አውጣና ስትቀባ በሩን ክፈተው። አንተ ቤት ሦስቱም አለቃ አንተው ነህ፤ እስከ ዛሬ ሲናገር የሰማሁት ግን የጥራቱ ብቻ ነው። ወንበርህን ያላደነቀ የለም፤ ደረትህን ማን ጠየቀው? ፈርቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ያንን ጨርቅ ለወለል መወልወያ ትውሰደው በላት። ትንሿን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝና መልሱን እሷ ትጻፍልኝ። አንተማ እያሳለህም ደኅና ነኝ ትለኛለህ።

ታናሽ ወንድምህ
ከቫርኒሽ ክፍሉ፣ ከተከፈተው መስኮት አጠገብ
ጥቅምት ፲፰ ቀን