ለክሬን ነጂው ወንድሜ

ስዊድን፣ በጥር ወር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

በዚህ ከተማ ስዊድንኛ እንደ እኔ የሚናገር ሰው የለም። እሺ፣ ስዊድኖቹ አሉ። ሕፃናቶቻቸውም ትንሽ ይበልጡኛል። ከእነሱ ቀጥሎ ግን እኔ ነኝ፤ ከግሪክ ከመጣነው ውስጥማ የሚስተካከለኝ የለም።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? የጉልበትህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይ? እናታችንስ ትበላለች? ወይራው ዘንድሮ እንዴት ሆነ? እኔ ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም። ይህ በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው። እስከ ዛሬ የእኔን ደብዳቤ የምትጽፈውም የምታነበውም አንተ ነበርክ፤ ምን እንደጨመርክ፣ ምን እንደቀነስክ እግዜር ይወቀው። ፊደሎቹ ቢንጋደዱ አትሳቅ። ግራ እጅ በሃምሳ ዓመቱ ፊደል ሲቆጥር እንዲህ ነው።

አንተ ጡረታህን ይዘህ አገር ቤት ስትገባ እኔ ዲዳ ሆኜ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፌ አንተ ነበርክ። ዳቦ ቤት በጣቴ፣ ሐኪም ዘንድ ሆዴን በመያዝ ሁለት ወር ኖርኩ። ከዚያ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ፊደላችንን በማኅበራችን ክፍል፣ ስዊድንኛውን ወይዘሪት ጉንቮር ዘንድ። ወይዘሪት ጉንቮር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚገኝ ቋንቋ የለም፣ ውጣና ከሰው ጋር አውራ አለችኝ። ከማን ጋር? እዚህ አገር አውቶቡስ ውስጥ ሰላም ያልከው ሰው መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። ስለዚህ ስትደውልላት ሰዓት ስንት እንደሆነ በቴፕ በምትናገረው ሴትዮ ጀመርኩ። እየደወልኩ «አመሰግናለሁ እመቤቴ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?» እላት ነበር። አልመለሰችልኝም፤ ግን አልተቆጣችም።

ቀጥሎ ቢርየርን ያዝኩት፤ በብረት ማቅለጫው አብሮኝ የቅርጽ ማውጫ አሸዋ የሚጠቀጥቀውን ያን ረጅሙን። እሁድ እሁድ በረዶ በስቶ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ተከተልኩት። በመጀመሪያው እሁድ ሦስት ቃል ተናገረ፤ ሁለቱን ለዓሣው። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ። ስለ አህያችን፣ ስለ አባታችን ቀብር፣ ስለዚያች አንተን እንቢ ስላለችህ የጋጋሪው ልጅ ሳይቀር አወራሁለት። ሲሰለቸው ማረም ጀመረ። ሲያርመኝ ደግሜ አልኩ። ሁለት የበረዶ ወቅት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው እሁድ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ድንገት፣ «እኔ ምለው፣ ጭንቅላትህ እንዲህ ደህና ከሆነ ክሬኑን ለምን እንቢ አልክ?» አለኝ።

የትኛውን ክሬን? አልኩት።

ከሰባት ዓመት በፊት አለቃችን ሃልበርግ ሊያስተምርህ የፈለገውን ነዋ አለ። «ወንድምህ ነው፣ ‹በጦርነቱ ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቷል፣ ከፍታ ላይ ያዞረዋል› ያለን። እየጮህን የምናናግርህ ለምን መሰለህ?»

ወንድም ጋሼ! ይህ ሁሉ ዝምተኛ ሕዝብ እኔን ሲያይ ብቻ የሚጮኸው ወድዶኝ መስሎኝ ነበር እኮ!

የመጀመሪያውን ውሸትህን ይቅር ብያለሁ። በገባን ቀን ማስጠንቀቂያውን ማንበብ አቅቶኝ ቀዩን መስመር ስሻገር፣ ሃልበርግ ሊያባርረኝ ሲል፣ «ተመትቷል፣ እዘኑለት» ብለህ ሥራዬን አተረፍክልኝ። ሁለተኛውን ግን! ቀኑን አሁንም አየዋለሁ። ሃልበርግ ወደ ክሬኑ እያሳየ ጣቱን ጆሮው አጠገብ አዞረ። እብድ ነህ ወይ ያለኝ መሰለኝ። እኔም እንደ አገራችን ወግ አገጬን ቀና አድርጌ «አይደለሁም» አልኩ። እነሱ ዘንድ ግን አገጩን ወደ ላይ የነቀነቀ ሰው አዎ ማለቱ ነው። ያዞረዋል፣ ራሱም አመነ ብለው ሄዱ። አንተ መሃላችን ቆመህ ነበር። የእነሱንም የእኛንም ታውቅ ነበር። ጉሮሮህን ጠርገህ ዝም አልክ፤ በሳምንቱ ክሬኑ ላይ ወጣህ።

አንተ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰህ እላይ፣ እኔ እሳቱ ሥር። ከላይ እጅህን ስታወዛውዝልኝ እኔም ጣቶቼን ዘርግቼ አወዛውዝልህ ነበር። ያኔ አሥር ነበሩ፤ እሳቱ ቀኝ እጄን ገና አልነካውም።

አሁን ስማኝ። ካንተ በኋላ ክሬኑን የያዘው ሰውዬ ለገና ሌላ ከተማ ገባ፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሐሙስ ዕለት የአተር ሾርባችንን እየጠጣን ሃልበርግ መጣና፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ፣ «አሁንም ያዞርሃል?» አለኝ። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ተነሣሁ። «አለቃ፣ አትጩህብኝ፤ ጆሮዬም ጭንቅላቴም ደህና ነው። ወንድሜ ነው የዋሸው!» አልኩት። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ተናገርኩ። ሰዉ ጠረጴዛ ደበደበ። ቢርየር እንኳ «አቤት አፍ!» አለ።

በደብዳቤ ይቅርታ እንዳትልክብኝ፤ እቀደዋለሁ። ሐምሌ ላይ ስመጣ፣ እናታችን እየሰማች፣ ዓይኔን እያየህ ትነግረኛለህ። እስከዚያው እግዜር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ዛፎችህን ከውርጭ፣ ቤትህን ከክፉ ይጠብቅልህ። ብናደድም ሞትህን አልመኝም።

አንዲት ነገር ግን ጨምሬያለሁ። ሐሙስ ዕለት መነሣቴ እውነት ነው። ንግግሩን ዛሬ ነው የፈጠርኩት። ስነሣ ፎቶግራፍህን ከጡረተኞቹ ጋር ግድግዳው ላይ አየሁት፤ ሠላሳ ሰው አፌን እየጠበቀ ነበር። «ወንድሜ እውነቱን ነው የነገራችሁ፤ ዛሬም ያዞረኛል» አልኩ። ስዊድንኛዋ አንድም ስሕተት አልነበረባትም፤ ቢርየር የሚያርመው አጥቶ አጎንብሶ ሾርባውን ጠጣ። ክሬኑን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ታናሽ ወንድምህ