ዕፀገነት የዘጋችው ድልድይ

ሐረር፣ በጥቅምት አጋማሽ

ለልጄ እናት፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ክረምቱን ደረጃ መውጣት አስቸግሯት ነበር ብላ ዕፀገነት ከነገረችኝ ጀምሮ ሐሳብ ላይ ነኝ፤ ደሴ ደግሞ ዳገት የሌለበት ሰፈር የላትም። እናትሽስ ደህና ናቸው? ተማሪዎችሽስ ዘንድሮ ይሰሙሻል? እኔ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን፣ ከጥርሴ በቀር የጎደለኝ የለም። ሐረርም ደህና ናት። ዝናቡ አልፎ አየሩ ተከፍቶልናል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺና እኔ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። እኔ «ሃሎ» ስል አንቺ «ዕፀን አቅርብልኝ» ትያለሽ፤ እኔም አቀርባታለሁ። አሁን ግን የምነግርሽ ነገር ስላለኝ፣ ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የልጃችን የዕፀገነት ነው። እሷ አትነግርሽም። ብትነግርሽም «አንድ ድልድይ ጠገንን» ብላ ነው የምታልፈው።

ሥራዋ ሐረር ሲሆን እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። «ስንት ከተማ እያለ፣ ደግሞ ከአባቷ ሥር!» ማለትሽ ደርሶኛል። ከእኔ ሥር አይደለችም፤ እኔ ነኝ ከእሷ ሥር ያለሁት። እሷ ድልድዩንና የመንገድ ሥር ቱቦውን የምትመረምር መሐንዲስ ናት፤ እኔ የጥገና ቡድኑ ፎርማን ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ምን ብላ ትጠራኝ ይሆን ብዬ ጨንቆኝ ነበር። ቀጥ ብላ መጥታ «ፎርማን፣ እንደምን አደሩ?» አለችኝ። እነ ዓብዱላሂ ሳቃቸውን ዋጡ። ዓብዱላሂን አትረሺውም፤ ያ የኤረር በሩ ረጅም ግንበኛ ነው፣ ዛሬም አብረን ነን። ማታ ቤት ስንገባ ግን መሐንዲሷ ጫማዋን ሳታወልቅ «አባዬ፣ ራበኝ» ትላለች።

ይዛብን የመጣችው ደንብ መጀመሪያ ላይ ለማናችንም አልተዋጠልንም። ማንም ሰው ቱቦ ውስጥም ሆነ ድልድይ ሥር ሲገባ ገመድ ይታጠቃል፤ ሁለት ሰው ውጭ ሆኖ ገመዱን ይይዛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ውሃው በሚመጣበት በኩል ወደ ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ ሰማይና ወንዝ ይጠብቃል። ፊሽካ ከተነፋ የያዙትን ጥሎ መውጣት ነው፣ «ቆይ» የሚባል ነገር የለም። ከኤረር በር ውጭ ያለውን ቱቦ ፌስታልና የጫት ገረባ ደፍኖት ልንጠርገው ስንሄድ ዓብዱላሂ ገመዱን እያየ «አቦ፣ ምንድነው ይሄ? ፍየል ነን እንዴ የምታስሪን?» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀችና «ፍየልስ ብትጠፋ ሌላ ይገዛል፤ አንተን ከየት እንገዛለን?» አለችው። ዓብዱላሂ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይነገረው ይታጠቃል። እኔ ግን በሆዴ፣ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ የምገባበትን ቱቦ በገመድ ግባ ስባል እየከነከነኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ወደ ሶፊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ታውቂዋለሽ። ዕፀን አዝለሻት ሄደን ጥላው ሥር ብርቱካን የበላንበት ነው። ዘንድሮ ዝናቡ መስከረም ገብቶም አልወጣም ብሎ ስለነበር፣ ወንዙ ትንሽ ጎደል ባለ ቀን ልትመረምረው ሄድን። ታጥቃ ወረደች። ገመዱን የያዝነው እኔና ዓብዱላሂ ነበርን። ከደንቡ ወዲህ ስንት ሰው በገመድ ይዣለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ገመዱን እጄ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ አላውቅም።

መሐል ወዳለው የድንጋይ እግር ሄዳ በረጅም ብረት ሥሩን ወጋ ወጋ ስታደርግ ቆየች። ከዚያ ብረቱን ትታ በእጇ ዳበሰች። ጭቃ በጭቃ ሆና ወጣችና «ፎርማን፣ ድልድዩ ለመኪና ይዘጋ» አለችኝ።

እኔም ተናደድኩ። «ይሄ ታንክ ያሳለፈ ድልድይ ነው። ላዩ ላይ አንድ ስንጥቅ አሳዪኝ» አልኳት፣ ሰው ፊት። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ ያየሁት ላዩን አይደለም። ይውረዱና በእጅዎ ይንኩት» ብላ ቀበቶውን ከወገቧ ፈትታ ራሷ አስታጠቀችኝ።

ወረድኩ። ድንጋይ መኖር ያለበት ቦታ ላይ እጄን ሰደድኩ። ክርኔ ገባ፤ ትከሻዬ ድረስ ገባ፤ ያገኘሁት ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ወንዙ ከሥር ከሥሩ ቦርቡሮ፣ ያ ሁሉ ግንብ የቆመው በቀረችው ጠርዝ ላይ ነበር። ወጣሁ። ሄጄ መንገዱን የምዘጋበትን ድንጋይ መሸከም ጀመርኩ።

እንግዲህ ሰዓቱን አስቢው። የጫት ሰዓት ነው። ጫት ደግሞ ተቆርጦ በጊዜ ገበያ ካልደረሰ ደረቅ ቅጠል ነው። ብዙም ሳንቆይ ወዲያ ማዶ አይሱዙዎች ተደረደሩ። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ይሳደባሉ። አንዱ ወርዶ የደረደርነውን ድንጋይ ማንሳት ሲጀምር ዕፀገነት ሄዳ መንገዱ መሐል ቆመች፣ እጇን ሳታነሣ። ሰውየው የያዘውን ድንጋይ መልሶ አስቀመጠው። ከእነሱ ሁሉ የባሰችው አሚና የምትባል የሶፊ ጫት ነጋዴ ነበረች፤ እርሻዋም እዚያው ወንዙ ዳር፣ ከድልድዩ ራቅ ብሎ ወደ ላይ ነው። «ወላሂ ልጄ፣ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ነው! ድልድዩ ትላንት ቆሞ ነበር፣ ዛሬም ቆሟል፤ አንቺ ማነሽ የምትዘጊው?» ብላ ጮኸችባት።

በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነው። የሚለው ለእኔ አይሰማም፣ የእሷን ግን አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። «አይ ጌታዬ፣ ቀላል መኪናም ቢሆን አላሳልፍም… ሰኞም ያው ነው… ሥሩ ባዶ ነው እኮ የምልዎት። እርስዎ ሥሩ የሚቆሙ ከሆነ በላይዎ አሳልፋለሁ፣ አለዚያ አልከፍትም።» ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጄ ዛሬ ከሥራ ወጣች አልኩ። ስልኩ ተዘጋ። እሷም ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ምን ያደረገች ይመስልሻል? አሚና ጋር ሄዳ ድንጋይ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። «አዴ አሚና፣ መኪና አያልፍም፤ ጫትዎ ግን ያልፋል» አለቻት። ከማዶ ያለው አይሱዙ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሰው ጫቱን ተሸክሞ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይሻገር፤ ወዲህ ሌላ መኪና ይጠብቅ አለች። ወዲያው ለከተማው ሾፌሮች ደውላ መኪና አስመጣች። እኛም አካፋችንን ጥለን ጫት ተሸከምን! የአሚና ጫት በዚያ ቀን ሳይጠወልግ ገበያ ገባ። አሚና ልትሄድ ስትል ዕፀ አስቆመቻትና፣ «እርሻዎ ከእኛ በላይ ነው። ወንዙ ሲሞላ ቀድሞ የሚያየው የእርስዎ ዓይን ነው። ሰዎቼ እዚህ ሥር ሲሠሩ ውሃ ከመጣ ይደውሉልኝ» አለቻት። አሚና ከት ብላ ሳቀች። «መንገዴን ዘግተሽብኝ ደግሞ ዘበኛ ልሁንልሽ?» አለች። ስልኩን ግን መዘገበች።

ጥገናው ተጀመረ። አለቃዋ በነጋታው በአካል መጥቶ፣ ራሱ ታጥቆ ወርዶ ዳብሶ አየና የጎደለንን ሁሉ ፈቀደ፤ ይህንንም ለሰውየው ልመስክርለት ይገባል። ውሃውን ወደ አንድ ጎን መልሰን፣ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ እግሩ ዙሪያ መደርደር፣ ባዶውን በኮንክሪት መሙላት ነው ሥራው። ሁሉም በየገመዱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ያለንበት ሰማይ ንጹሕ ሰማያዊ ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ዝናብ የሚባል በማንም ሐሳብ የለም፤ ከላይ ያቆምነው ጠባቂም ገና ያየው ነገር የለም። የዕፀ ስልክ ጮኸ። አሚና ናት። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ስለከፈተችው የአሚና ድምፅ እኔ ድልድዩ ሥር ካለሁበት ይሰማ ነበር፤ «ልጄ አውጪያቸው! ወላሂ ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው!» ትላለች። ፊሽካው ተነፋ። ሰዎቹ አካፋቸውን እየጣሉ ወጡ።

እኔ አልወጣሁም። አትቆጪኝ፣ ልንገርሽ ነው። አዲስ የውሃ መሳቢያ ሞተር ድልድዩ ሥር ነበር፤ በስንት ልመና ያገኘነው። ቱቦውን ፈትቼ ሞተሩን ይዤ ልውጣ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ያኔ ከላይ ጩኸት ሰማሁ። «ፎርማን» አይደለም ያለችው። «አባዬ!» ነው ያለችው። እንደዚያ ስትጮኽ የሰማኋት በሕፃንነቷ ብቻ ነው። ቀና ሳልል ገመዱ ወገቤን ጎተተኝ። እሷና ዓብዱላሂ በሙሉ ክብደታቸው ሲስቡኝ በሆዴ እየተጎተትኩ ዳገቱን ወጣሁ፤ ሸሚዜ ተቀደደ፣ ደረቴ ተላጠ። ዞር ብዬ ሳይ ቅድም የቆምኩበት ቦታ የለም። ቡናማ ውሃ ነው፣ ግንዱም ሞተሩም አብረው ሲሄዱ አየሁ።

ዕፀገነት ገመዱን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣችና፣ ሁሉም ሰው እየሰማ፣ «ፎርማኑ ፊሽካ ተነፍቶ አልወጡም። ሥራው እስኪያልቅ እዚህ ድልድይ ሥር አይወርዱም፤ ላይ ሆነው ድንጋይ ያቀብላሉ» አለች።

እኔን እኮ ነው! ያንን ድልድይ ከእሷ ዕድሜ በላይ የማውቀውን! ዓብዱላሂ «አብሽር አቦ» እያለ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ቀን የበለጠ ደረቴ የተነፋበት ቀን አላስታውስም፣ ተልጦም እያለ። አባቷን የማታሳልፍ ልጅ ማንንም አታሳልፍም። ድንጋይ ሳቀብል ሰነበትኩ፤ ደስ እያለኝ አቀበልኩ።

የደረደርነው ድንጋይ ጎርፉን ቻለው። ከዚያ በኋላ ዝናቡም ቆመ፣ ሥራው አለቀ፣ ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ለመኪና ተከፈተ። ቀድሞ ያለፈው የአሚና አይሱዙ ነው። ማዶ ደርሳ ወረደችና ዕፀን አቅፋ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ስትል ቆየች። ሾፌሮቹ ባትዘጊው ኖሮ በእርግጥ ይወድቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። «አላውቅም» አለቻቸው። «ሥራዬ ማናችንም እንዳናውቀው ማድረግ ነው።»

አሚና ወደ እኔ ዞራ «የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። አባቷ መሆኔን አታውቅም ነበር። እኔም «የአንዲት መምህርት ልጅ ናት፣ ደሴ የምታስተምር» አልኳት። እውነቴን ነው። ያ ድፍረት ከእኔ አልመጣም። ድምፅ ሳያነሡ እምቢ ማለት ከማን እንደመጣ እኔ አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያየሁት ነው።

ጎረቤታችን ሐሊማ ሰላም ብላሻለች። ባገኘችኝ ቁጥር «መምህርት መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች፤ እኔም እስቃለሁ። ቤቱ ያው ነው። በሩን አረንጓዴ አስቀባሁት፤ ያኔ እኔ ቡናማ ይሁን ብዬ ድርቅ ያልኩበትን በር። አረንጓዴው ያምርበታል። መጋረጃ ግን ሳልገዛ ቀረሁ፣ ምርጫ አላውቅበትም።

ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ ገብርኤል ከደሴም ብዙ ሰው እንደሚመጣ ሰማሁ። ከቁልቢ ሐረር ሩቅ አይደለም። ያ መንገድ የእኛ ቡድን ሥራ አይደለም፤ ቢሆንም ዓብዱላሂንና ሌሎች ሁለት ሰዎች ይዤ፣ በየእሑዱ፣ ገመድ ታጥቄ፣ ከቁልቢ እስከ በራችን ድረስ ያለውን ድልድይና ቱቦ ሁሉ አንድም ሳላስቀር ሥሩ ገብቼ አይቼዋለሁ። ደህና ነው። የሚያሰጋ ነገር የለውም።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ይጠግንልሽ። እናትሽን በዕድሜ ያቆይልሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች ሁሉ ስምሽን በደግ የሚያነሡ ይሁኑ። ልጃችንን ከጎርፍም ከክፉ ሰውም ይጠብቅልን።

አክባሪሽ፣
የልጅሽ አባት