ሰባት ዓመት የዞርከው ቀጥቃጭ ቤት

አባዬ፣

የሞተ ሰው ዕቃ መቼ ነው የሚነካው? ቀብሮ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ የቀረ አይመስለኝም። ጋቢህን እማዬ በአርባህ ለነዳይ ሰጠችው። ከዘራህን ወንድምህ አያ ካሴ ወሰደው። የእርሻ ዕቃህን ግን ሙት ዓመትህ ሳይወጣ ማንም እንዳይነካው ብላ ከጎተራው ኋላ አቆመችው። ከተለየኸን እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጣሪያው እዚያ ጋ እንደሚያፈስ ማናችንም ልብ አላልንም። በግንቦት ሳወጣው ሞፈሩ ደህና ነው፤ ማረሻው ግን ዝጎ ከሚያስረው ቀለበት፣ ከወገሉ፣ አልላቀቅ አለኝ። ዝገቱ በጥፍር ሲነኩት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ጫፉም አልቋል፤ አፈር የሚወጋ ነገር አልቀረውም።

ለምን እንዳወጣሁት ልንገርህ። አምና መሬቱን አያ ካሴ በእኩል አርሶት ነበር። ዘንድሮ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣና ለሦስት ዓመት በወረቀት እንዋዋል አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ታውቀዋለህ፤ መሬት ጦም ሲያድር አይወድም። እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ ተመርቄ እቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ። ሥራ ማስታወቂያው ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ ይላል፤ ልምዱን ከየት አባቴ ላምጣው? እና እማዬ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆረጠች፦ ልጁ ላይኛውን ማሳ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ገልብጦ ካሳየኝ መሬቱ እቤት ይቆያል፣ ካልሆነ እፈርማለሁ። አያ ካሴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ገበያ ወርጄ አዲስ ማረሻ ልግዛ ብል፣ የዘንድሮው ከቆርቆሮ አይሻልም አሉኝ። ደግሞ፣ አልዋሽህም፣ እልህ ነበረብኝ። ሜካኒካል ምህንድስና ተምሬ አንድ ማረሻ ሊያቅተኝ ነው? ንፋስ መውጫ ከተማ ካለ በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ዝገቱን በግራይንደር አስላጥኩት፤ ጫፉ ላይ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ አስበየድኩ። ሲያብረቀርቅ ብታየው! ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ለትርንጎ ላክሁላት፤ የሳቅ ምልክት ደርድራ መለሰችልኝ።

በማግስቱ ጠመድኩ። አንዱ በሬ የኛው ቦራ ነው፤ ሌላው ከጎረቤት በመቀናጆ የመጣ። እርፉን ስይዘው አንተ ከኋላዬ የቆምክ መስሎኝ ወገቤን አቀናሁ። ሁለት ትልም ሄድኩ። ጠማማ ነው፣ ግን ትልም ነው። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ነካሁና ቀጭ አለ። ብየዳው አልተላቀቀም፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ነው የተሰበረው፣ እንደ ደረቅ ዳቦ። ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በድንበሩ ያልፋል። አንዱ «ኧረ ዲግሪው ተሰበረ!» ብሎ ጮኸ። አያ ካሴም እዚያው ነበር። «የኔ ልጅ፣ አንተ ብዕርህን ያዝ፣ አፈሩን ለኛ ተወው» አለኝ። በፍቅር ነው ያለው፤ የባሰው እሱ ነው።

ሚካኤል አራት ቀን ቀርቶታል። አንተ ማረሻህን የምታስቀጠቅጠው ስማዳ ድንበር ድረስ ወርደህ ነበር፤ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ በእርሻ ወቅት ደግሞ ወረፋ ይዘህ አድረህ ትመለሳለህ። ያን ያህል ጊዜ የለኝም። ጊዜ የሚበቃኝ ከጉብታው ጀርባ ያሉት ጋሽ ደርሶ ዘንድ ብቻ ነው።

አባዬ፣ ይህን የምጽፈው ላሳጣህ አይደለም። ግን ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ትርንጎ አተኩሷት ስትቃዥ ያደረግኸውን አይቻለሁ። ቀጥቃጩ በላት ብለህ ጋሽ ደርሶን ከቤታቸው አስወጥተህ፣ መንደሩ ቆሞ እያየ፣ እንትፍ በልባት ብለህ ጮህክባቸው። እንትፍ አሉባት። ሴት ልጆቻቸው በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ ከዚያ ቀን በኋላ አናግራኝ አታውቅም። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ዋጠች፣ ዳነች። አንተም ገባህ፤ ፊትህን አይቻለሁ። ግን ሄደህ ይቅርታ ከማለት ሰባት ዓመት ሙሉ ብረት ተሸክመህ ስማዳ መመላለስ ቀለለህ። እኔስ? እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ተማርኩ።

ጉብታውን ተሻግሬ ሄድኩ። ጋሽ ደርሶ ብረት ከሚቀጠቅጡበት መስፍ ፊት ተቀምጠው ማጭድ ያሾላሉ። ጎንበስ ብዬ ጤና ይስጥልኝ አልኩ። ማረሻውን ከእጄ ተቀበሉ፣ ገለባበጡት፣ ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ይኼንንም እኔ ነኝ የበላሁት እንዳትሉ ብቻ» አሉ።

ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩ፤ አንተ ለባለ ደም ዕርቅ ስትሄድ በዳዩ ሲያደርገው ያየሁትን። አባቴ በድሎዎታል፣ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ፣ ስለ አባቴ ነፍስ ይቅር ይበሉን አልኩ። ማጭዱን ጨረሱት። ከዚያ፣ «አውርደው፤ ድንጋይ አይደለም የሚያስፈልገኝ፣ ወናፍ የሚነፋ ሰው ነው» አሉ።

ወናፉን ነፋሁ። ክንዴ እስኪዝል ነፋሁ። ብየዳው ጎን ያለውን ብረት እንዳቃጠለው፣ ቃጠሎው እስኪያልቅ ቆርጠው መጣል እንዳለባቸው ነገሩኝ። ከዚያ በግራይንደር ያልተነካውን ያንተን ብረት አሳዩኝ፤ እሳቸው ራሳቸው ድሮ የቀጠቀጡት ነው፣ የራሳቸውን መዶሻ ምት ያውቁታል። ባሌስትራውን ከአሮጌው ጋር በእሳት አንድ እስኪሆን ደበደቡት። በመጨረሻ ጫፉን ብቻ ውሃ አስነኩና አወጡት፤ ቀለሙ ሲለወጥ አዩ፣ እንደገና አስነኩት። እሳትና ውሃ ብረትን እንዴት እንደሚያጠነክርና እንደሚያሰብር፣ ይህን እኔ በክፍል ውስጥ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ስቆም ግን ትዝ አላለኝም። ይህን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ፦ «ታዲያ የተማርከው ለማን ነው?»

ሁለት ቀን አረስኩ፤ ከንጋት እስከ ቀትር፣ በሬዎቹ ሲያርፉ እኔም ወድቄ። ድንጋይ ነካሁ፣ ደጋግሜ። ማረሻው ዘለለ እንጂ አልተሰበረም። የሚካኤል ዋዜማ ላይኛው ማሳ ተገልብጦ አለቀ። አያ ካሴ መጥቶ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፣ አንድ ጓል በእግሩ ፈረከሰ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ የዘር ገብሱን ጭኖ አመጣልን። እማዬ ወረቀቱን አልፈረመችም።

አንድ ነገር ግን ገና አላለቀም። ለሥራው ምን ልክፈል ስላቸው ጋሽ ደርሶ ምንም አልፈለጉም፤ በዘሩ ቀን ከናንተ ጋር እበላለሁ ብቻ አሉ። አንተ በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳ ከቀጥቃጭ ጋር አልበላህም። እማዬ ፈርታለች፤ ሰው ይሸሸናል ትላለች። አያ ካሴ እመጣለሁ አላለም፣ አልመጣምም አላለም። እኔ ግን እሺ ብያለሁ።

አባዬ፣ ላስታውስህ ቃል እገባለሁ፤ ግን ሙሉህን ነው የማስታውስህ። ቀጥ ያለ ትልምህንም፣ ያን ቀን የጮህከውንም። ግማሹን ብቻ ይዤ ብቀር ሌላ ሰው አባት ያደረግኩ ያህል ነው።

ከአባዬ ጋር አብራችሁ ያረሳችሁ፣ ይህን ደብዳቤ በስልካችሁ ያነበባችሁ ሁሉ፦ ሰኞ ወንፈል አለብን፣ ገብስ እንዘራለን። ጾም ነውና ሽሮና ጠላ ነው ያለው። ለመምጣት ካሰባችሁ እዚሁ ሥር ጽፋችሁ እስከ እሑድ ንገሩኝ። ገበታው ግን አንድ ነው፤ ጋሽ ደርሶ ከመሃል ይቀመጣሉ፣ እኔ ከጎናቸው። በሌላኛው ጎናቸው ያለው ቦታ ክፍት ነው።