ባለአራት ፊቱ አዳራሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 1988

አንድ መምህር ነው ይለኛል ኪርት፤ እኔ ስቆጥር አራት ናቸው። ኪርት፣ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ከተማ ሆቴል ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ ነው፤ እምነታቸው ጃይን ይባላል። የመምህራቸውን የስብከት አዳራሽ አምሳያ በትንሹ በእንጨት አሠርተው፣ ሥዕል እንደምሠራ ስለሚያውቅ እንድቀባው ጋራዤ ድረስ አመጣልኝ። ሦስት ክብ አጥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ከታች እንግዶቹ ሠረገላቸውን ያቆማሉ።

«ሰማይ ቤትም ፓርኪንግ አለ?» አልኩት።

ሁለተኛው ላይ እንስሳት፤ አንበሳና ላም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስብከት ይሰማሉ። ላሟን ማን ጠየቃት? ከላይ ሰዎችና አማልክት። መሀል፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ የመምህሩ ፊት እንዲሳልባቸው ለኔ የተተዉ አራት ጠፍጣፋ እንጨቶች ወደ አራቱ አቅጣጫ ቆመዋል። እዚህ ላይ ጠረጠርኩ፤ መምህሩ አንድ ከሆነ ሦስቱ እነማን ናቸው?

ማክሰኞ

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ጋራዡን ከፍታ፣ «ጋሼ፣ ጣዖት ነው እንዴ የሚቀቡት?» አለችኝ። «ፓርኪንግ ነው» አልኳት። አልሳቀችም።

ኪርትን ኮል አድርጌ እውነተኛው የቱ ነው አልኩት። «የምሥራቁ። ሦስቱ ምስሎቹ ናቸው።» ያዝኩህ፣ ሦስቱ አስመሳይ ናቸው አልኩ በሆዴ። ለምሥራቁ ሁለት ዓይን ሰጠሁት። ሦስቱን በጎን፣ ባንድ ዓይን ሳልኳቸው፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን ሰይጣንና ክፉ ሰው እንደሚሳለው። ህንድ ይህን ከየት ያውቃል?

ረቡዕ

ጠዋት ኪርት መጥቶ አየው። «ለምን ዞረው ያያሉ?» «የሀገሬ አሳሳል ነው።» ውሸት አይደለም። ሆቴል ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ማን ነገረው?

ሐሙስ

አላስቻለኝም፤ ምስሎቹ ለምን አስፈለጉ ብዬ ጠየቅኩት።

«መምህሩ አንድ፣ በሩ አራት። ማንም ጀርባውን እያየ እንዳይሰማ ነው። የእናቴ ዊልቸር በሰሜን በኩል ነው የሚቆመው። ቅዳሜ ፊቱን ለማየት ቸኩላለች።»

ሶ፣ እናቱን ከሰይጣን ፊት ላስቀምጣቸው ነበር።

ዓርብ

ሦስቱንም ፍቄ እንደገና ሳልኩ፤ ሁለት ሁለት ዓይን። ትዕግሥት ቆማ አየች። «እና ጣዖት አይደለም?» «እኔ እንጃ። ብቻ ከእንግዲህ አላሾፍበትም።»

ለኪርት እውነቱን ነገርኩት። «ጠርጥሬህ ነው» አልኩት። «እኔም ጠርጥሬህ ነበር» አለና ሄደ።

ቅዳሜ

አዳራሹን ዳላስ፣ መጸለያቸው ድረስ አደረስኩ። እናቱ በሰሜን በኩል ሆነው ፊቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዊልቸሩን አስገፍተው በምሥራቅ፣ በደቡብ፣ በምዕራብ ዞሩ። እያንዳንዱን ፊት ቀና ብለው እያዩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ስለ አንድ ዓይኖቹ ነገርካቸው?» አልኩት ኪርትን በሹክሹክታ።

«ሥርዓቱ ነው፤ ሦስቴ ይዞራል» አለ፣ ሳያየኝ።

ጨርሰው እጃቸውን አጋጠሙ። ኪርት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱ ዙር የአምልኮ ነው፣ ኦኬ። ሁለቱ ግን እኔን ለመቆጣጠር ይመስለኛል።