ማይክራፎን ፊት የለውም

ሰኞ፣ ኅዳር 3
አልወጣ አለኝ! አሥራ ሁለት ዓመት ሠርግ ላይ ስዘፍን ጉሮሮዬ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ የራሴን ካሴት ልቀዳ ማይክራፎን ፊት ስቆም ግጥሙን እንደ ተማሪ አነበነብኩት።
የምንቀዳው እዚሁ ልደታ፣ ጋሽ ደምሴ ሙዚቃ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ድራም መቺው ብቻውን ኮሪደር ላይ ነው፤ ሌላውን እንዳይውጥ። ይሄ ገርሞኛል።
ጋሽ ደምሴ፣ "ዜና ነው እንዴ የምታነበው?" አሉ። እስከ ዓርብ ካልሆነልኝ ተራው የሌላ ዘፋኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
የቀን ሥራዬ ላይ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ሠርግ ላይ ምንድን ነው የማደርገው? አንድ ፊት እመርጣለሁ። ሲስቅ እጨምራለሁ፣ ሲተክዝ ቀዝቀዝ አደርጋለሁ። ማይክራፎን ደግሞ ፊት የለው! ሌሎቹ ዘፋኞች ማንን እያዩ ነው የሚዘፍኑት? መጠየቅ አፈርኩ።
ነገ ጎረቤቴን ከድርን ይዤ እሄዳለሁ። ባለሱቅ ነው፣ ሳቅ አያልቅበትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ወጣልኝ! ከድር ፊት ለፊቴ ትከሻውን ሲነቀንቅ፣ አራት ዘፈን በአንድ ትንፋሽ።
ከዚያ ቴፑ ተመልሶ ሲሰማ ጉዴ ፈላ። በየመሃሉ "ከድር የኔ ጌታ"፣ "የከድር ሱቅ ይሙላ" እላለሁ። የሠርግ ልማድ! ከአፌ ሲወጣ አልታወቀኝም።
ከድር ደስታውን አልቻለም፤ "በቃ እንዲሁ ይሁን፣ ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ነው የማስጮኸው" ይላል። ጋሽ ደምሴ ግን ሳንሱር ያሳለፈውን ግጥም አውጥተው ዘረጉት። "ማኅተሙ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ከድር የሚል የታለ? ሦስታችንም ዘብጥያ እንውረድ?"
ሳቄ ጠፋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ባለቤቴን መጥታ ፊት ለፊቴ እንድትቀመጥልኝ ለመንኳት። ስዘፍን አንድ ቀን እንኳ ሰምታኝ አታውቅም።
"ለስንቱ ሙሽራ ያልከውን ለእኔም ልትለው ነው?" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። እውነቷን ነው፤ አመመኝ። ደግሞም ነገ የቀበሌ ስብሰባ አለባት።
እራት ላይ ግን "እስቲ የግጥሙን ወረቀት አምጣው" አለች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አጥፋ መለሰችልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
መጣች! ስብሰባውን ቀርታ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አንዴም አልሳቀች፣ አልተነቃነቀች። እንዲህ ያለ ፊት ሠርግ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። ምን እያሰበች እንደሆነ ለማወቅ ስል የካሴቱን ስምንቱንም ዘፈን ጨረስኩ።
አንድ ቃል አልጨመርኩም። እሷን በስሟ ጠርቼያት አላውቅም፤ ቤት ውስጥ "አንቺ" ነው የምላት። ግጥሙም የሚለው "አንቺ" ነው።
ጋሽ ደምሴ ቴፑን ሰምተው፣ "ካሴቱን የሰማች ሴት ሁሉ ለእኔ ነው የተዘፈነው ትላለች" አሉ። አለፈ! እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።
ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላዋን እንደተከናነበች ከፊቴ ትሄዳለች። አላስችል ብሎኝ "እንዴት ነበር?" አልኳት።
"ሁሉም ለእኔ ነው?"
"ሁሉም።"
"ታዲያ ለምንድን ነው ለሰው የሚሸጠው?"
ይኸው እሷ ተኝታ እኔ እስካሁን መልሱን እያሰብኩ ነው።