ምሰሶውን ላስፈረሱት የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

የተከበሩ ሼኽ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ሙረባዕ ላለው ቀዝቃዛ ቢሮዎም ደህንነት ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ እዚሁ ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር የምኖር የሰው ቤት ሠራተኛ፣ የኢድሪስ ሚስት ፋይዛ፣ ይህን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። አረብኛዬ ከኩሽና ስለማያልፍ በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ትእዛዝዎን ለኢድሪስ የሚያደርስ አስተርጓሚ አጥተው ስለማያውቁ ለዚህም አያጡም።

አንደኛ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ባሌን ምንም ወረቀት ሳይጠይቁ በረሃ ውስጥ ወዳለው ማዕድን ማውጫዎ ስላስገቡልኝ አመሰግናለሁ። በደወለልኝ ቁጥር ስለ ድንጋዩ ያወራኝ ነበር። በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የፈላ ውሃ በዓለቱ ስንጥቅ ሽቅብ ወጥቶ እርሳስ፣ ዚንክና ብር ጥሎ እንደሄደ፣ እነሱም ያንን ቀጭን ሥር ተከትለው ወደ ታች እንደሚቆፍሩ የነገረው መሐንዲሱ ሀይደር ነው። ሥሩ ወፈር ባለበት ቦታ ሀይደር ጣሪያውን ደግፎ የሚይዝ ያልተቆፈረ ምሰሶ አስቀርቶ፣ ማንም እንዳይነካው በቀይ ቀለም አስምሮበት ነበር።

ሁለተኛ፣ ሀይደርን ስላሰናበቱት አመሰግናለሁ። ከሁሉም ይልቅ ብር የበዛው ያ ምሰሶ ውስጥ መሆኑን ሰምተው ነበርና፣ ቀይ ቀለሙ ዓይንዎን ሳያውክ አልቀረም።

ምሰሶው በፈረሰ ዕለት የሆነውን የነገረኝ ከባሌ ጋር ይሠራ የነበረው አሚር ነው። ምሰሶውን መብሳት እንደጀመሩ ከጣሪያው ጠጠር ይረግፍ ገባ። አለቃቸው አብዱሰላም ደንግጦ ሁሉንም ይዞ ወጣና ደወለልዎት፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁሉም ሰሙ። እርስዎም «ብሩ እዚያው ነው፤ ያላ፣ ጨርሱት» አሉ። ተመልሰው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ሲሰነጠቅ ኢድሪስ አሚርን ገፍትሮ «ሩጥ፣ ወንድሜ» አለው። አሚር እግሩ ተሰብሮ ወጣ። ባሌ ከናዳው ወዲያ ቀረ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። ናዳው ጋብ ሲል ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጓደኞቹ በእጃቸው ድንጋይ ማንሳት ሲጀምሩ፣ እርስዎ ስለ ሠራተኞችዎ ደህንነት ተጨንቀው ማንም እንዳይጠጋ አዘዙ። በማግሥቱ መዶሻው ዝም አለ። የዋሻውንም አፍ በሲሚንቶ አስደፈኑት።

አስከሬኑን ልለምን ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ በትህትና ውሃ ሰጥተውኝ «እህቴ፣ ኢድሪስ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ ሠርቶ አያውቅም» አሉኝ። ፊት ለፊቴ ከዚያው ማዕድን የወጣ ድንጋይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ መብራት በርቶለት ተቀምጧል። ከየት እንደወጣ እንኳ ከሥሩ ተጽፎለታል። ለድንጋዩ ያላችሁን አክብሮት አይቼ፣ ውሃውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ነገ ወደ አገሬ እንዲመልሰኝ እጄን ለተርሂል ስለምሰጥ ስሜን መደበቅ አላስፈለገኝም። ልጃችን ነኢማ አባቷ የት እንደተቀበረ ስትጠይቀኝ የእርስዎን ስም እነግራታለሁ፤ ሌላ የምሰጣት አድራሻ የለኝም።

ለድርጅትዎ ባሏን ያበረከተች፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳ አክባሪዎ፣
ፋይዛ
መንፉሐ፣ ሪያድ

ማሳሰቢያ፦ ጸሐፊዎ እንዳሉት ሰውዬው እዚያ ካልነበረ፣ ያ ሁሉ ሲሚንቶ ማን እንዳይወጣ ነው?